መኪና ይዘው ኒውዮርክ ሲገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የማቆም ስህተቶች

በአማርኛ ሰው ብናወርድ፣ ዕቃ ብንጭን፣ ቆልፈን ብንሄድ ያው «መኪና አቆምኩ» ነው የምንለው። የኒውዮርክ ከተማ ደንብ ግን ይህን አንድ ቃል ሦስት ቦታ ከፍሎታል። ከዋሽንግተን ወይም ከቨርጂኒያ ለሰርግ የሚመጣ ዘመድ ብዙ ጊዜ የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ስህተት ሦስቱን ምልክቶች እንደ አንድ ማንበብ ነው። ለዘብ የሚለው «ኖ ፓርኪንግ» ነው፤ ሰውም ዕቃም ቶሎ ጭነው ወይም አራግፈው መሄድ ይችላሉ። «ኖ ስታንዲንግ» ካለ ዕቃ መጫንና ማራገፍ ቀረ፤ ሰው ማውረድና ማሳፈር ብቻ። «ኖ ስቶፒንግ» ካለ ለሰውም አይቆሙም፣ መብራት ወይም ፖሊስ ካላስቆመዎት በቀር። በሦስቱም ቦታ መጠበቅ ክልክል ነው። «እህቴ መጣች፣ እየወረደች ነው» ይላሉ፤ እሷ ግን ገና ነጠላዋን እየፈለገች ነው።

«እኔ እኮ ውስጥ ተቀምጫለሁ» ማለትም አያድንም። ሞተሩ ቢነሳም፣ አራቱም ፍሬቻ ቢበራም ያው ነው። በተለይ ከቆመ መኪና ጎን ደርቦ ማቆም 115 ዶላር ያስቀጣል።

የእሳት አደጋ ውሃ ቧንቧ አጠገብ ሲቆሙ ቀለም አይፈልጉ። የመንገዱ ጠርዝ ተቀባም አልተቀባም፣ በግራም በቀኝም 15 ጫማ፣ ማለትም 4.5 ሜትር ያህል መራቅ ግዴታ ነው። ቅጣቱ ይህም 115 ዶላር ነው። ቦታው ሰፊ ሆኖ ባዶ ካገኙት ደስ ከማለትዎ በፊት ዙሪያውን ይቃኙ፤ በዚያ ከተማ ባዶ ቦታ በነጻ አይገኝም።

አጠገብዎ ያለውን ምልክት ብቻ አይተው አይሂዱ። ከመስቀለኛ እስከ መስቀለኛ ባለው ብሎክ አንድ ምልክት ካለ ለሙሉው ብሎክ በቂ ማሳወቂያ ነው፤ ስለዚህ እስከ ጥጉ ይራመዱ።

የእኛን ሰው በተለይ የሚያሳስተው ስቅለት ነው። ከተማው መንገድ ለመጥረግ ሲባል መኪና ከአንዱ ጎን የሚነሳበትን ደንብ በኦርቶዶክስ ስቅለት ያቆማል፤ በሁለቱ ዒዶችም እንዲሁ። ታዲያ ይህን የሰማ ሰው «ዛሬ ነጻ ነው» ብሎ ቤተ ክርስቲያን ይውላል። የተነሳው ግን የጥረጋው ደንብ ብቻ ነው። የማቆሚያ ክፍያው እንዳለ ነው፣ ሌሎቹ ምልክቶችም አልተነኩም።

የተዋሱት መኪና ከሆነ ትኬቱ የሚከተለው ሰሌዳውን ነው፤ ደብዳቤው የሚሄደው ወደ ባለቤቱ ቤት ነው። ለመክፈል ወይም ለመከራከር 30 ቀን አለ። ችላ ተብሎ ውሳኔ ያረፈበት ዕዳ ከ350 ዶላር ሲያልፍ የመኪናው ጎማ ሊታሰር ወይም መኪናው ሊጎተት ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከትተው ቁልፉን ብቻ ለወንድምዎ አይመልሱለት።