ድንጋይ የምቀልብ ሰው

አከራዬ፣ እማማ የምላቸው፣ ገንዳዬን መጀመሪያ ያዩ ቀን «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ድንጋይ የምትቀልበው ለምንድን ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። 120 ሊትር የጨው ውሃ፣ ሁለት ዓሣ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣ፤ የቀረው ነጭ ድንጋይ ነበር። እኔ የምጠብቀው ኮራላይን አልጌን ነው፤ ያንን ድንጋይ ላይ እንደ ቀለም የሚለጠፈውን ሐምራዊ ነገር።

ኮራላይን አልጌ ገላው ውስጥ ኖራ ይሠራል። ኖራውን የሚሠራበትን ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ካርቦኔት የሚያገኘው ከውሃው ነው። ስለዚህ የወጥ ጨው አይሆንም፤ እሱ ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የሪፍ ጨው፣ ማለትም የባሕር ውሃን ማዕድናት አሟልቶ የያዘ የገንዳ ጨው፣ ያስፈልጋል። የእኔን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ ትመጣለች።

ውሃው ላይ ተሞኝቻለሁ። ጅማ ዝናብ አይጠፋም፤ ታዲያ ከጣሪያ የወረደውን አጠራቅሜ ጨው በጠበጥኩበት። በሁለት ቀን ቀንድ አውጣዎቼ ከመስታወቱ ረገፉ። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው፤ ዚንክ ደግሞ ለነሱ መርዝ ነው። አሁን የቧንቧ ውሃ በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ የሟሟውን ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ፣ አጣርቼ እጠቀማለሁ።

ድንጋዩ ደረቅ ከሆነ ዘር ያስፈልጋል፤ ከባዶ አይበቅልም። ቀላሉ መንገድ ቅርፊቱ ሐምራዊ የሆነ ቀንድ አውጣ ማስገባት ነው። እኔ ግን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ከገንዳው መስታወት ፍቆ፣ ከነውሃው በትንሽ ጠርሙስ ላከልኝ። ጠርሙሱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በጃኬት ተጠቅልሎ መጣ። የማጣሪያውን ስፖንጅ ለጥቂት ሰዓት አወጣሁና ፍቅፋቂውን ፓምፑ ፊት ለፊት ደፋሁት፣ በየድንጋዩ እንዲበተን።

ከዚያ በኋላ ሥራው ልኬት ነው። ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ ማግኒዥየም ከ1250 እስከ 1350፣ አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው የያዘው የካርቦኔት መጠን፣ ዲኬኤች በሚባለው መለኪያው ከ8 እስከ 9። ጨዋማነቱ በሪፍራክቶሜትር፣ በጨው መለኪያዋ መነጽር፣ 1.025፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ። ፎስፌት በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም በታች ይሁን፤ ሲበዛ ኖራው እንዳይሠራ ያደናቅፋል። ለዓሣ ምግብ ስታበዛ ፎስፌቱን የምትጨምረው አንተው ነህ።

ዋናው ግን ቁጥሩ አለመዋዠቁ ነው። አንድ ቀን አልካሊኒቲው 6 ሆኖ አገኘሁት። ደንግጬ ቤኪንግ ሶዳ በማንኪያ አከታትዬ ጨመርኩ። ገና ብቅ ብላ የነበረችው የመጀመሪያዋ ሮዝ ነጥብ በሳምንቱ ነጣች። ለ100 ሊትር 3 ግራም ቤኪንግ ሶዳ አንድ ዲኬኤች ያህል ያነሳል፤ በቀን ከዚያ አትለፍ። ሱቅ ስትገዛ ደግሞ ማሸጊያውን አንብብ። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ ባለሱቁ ግን «ያው ነው» ብሎ ይሰጥሃል።

መብራት አታብዛበት። አዲሱ ኮራላይን ጥላ ይወዳል፤ ኃይለኛ ብርሃን ያነጣዋል። የኤሌክትሪኩ መብራት የጠፋ ሌሊት ግን ሌላ ጣጣ አለ፤ የጅማ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ማሞቂያውም አይሠራም። እኔ ገንዳውን በጋቢ እጠቀልልና በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ እከታለሁ። አፉን ግን አልሸፍነውም።

መጀመሪያ ቡናማ ዝቃጭ ይመጣል፣ ቀጥሎ አረንጓዴ። አትደናገጥ፤ አዲስ ገንዳ እንዲህ ነው። መስታወቱን በአሮጌ የፕላስቲክ መታወቂያ እየፋቅህ ቀንድ አውጣዎቹ ሥራቸውን ይሥሩ። የባሕር ጃርት ግን አታስገባ፤ እሱ ኮራላይኑን ራሱን ይግጠዋል።

በአራተኛው ወር ፓምፑ ጀርባ ላይ እንደገና ምስር የምታክል ነጥብ አየሁ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ድንጋዩ ላይ። እማማ ቡና አፍልተው ሊጠሩኝ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩና «ውይ፣ ጥፍር ቀለም ፈሰሰበት እንዴ?» አሉ።

አሁን ችግሩ ተገልብጧል። ኮራላይኑ ሙሉ በሙሉ ስለለበሰው ፓምፑ መዞር አቅቶት ያቃስታል። በየሁለት ወሩ ነቅዬ ኮምጣጤ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ኖራው እየተንፈቀፈቀ ይለቃል። እማማ ሽታውን አይወዱትም፤ ስለዚህ በረንዳ ላይ ነው።