ስትጫን ብቻ ውኃ የምታስገባ ጀልባ፦ ቀዳዳው እንዴት ተገኘ፣ እንዴትስ ተደፈነ

በጣና ሐይቅ ላይ የምንጠቀምባት ባለ ሞተር የፋይበርግላስ ጀልባ ባዶዋን ስትቆም ደረቅ ነበረች፤ ሰው ተሳፍሮባት ስትጓዝ ግን ከወለሏ ሥር ውኃ ይጠራቀም ጀመር። በመጀመሪያ የማፍሰሻውን ውታፍ በአዲስ ቀየርን፤ ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ ከሥሯ የሚታዩትን ጭረቶች ሁሉ ኤፖክሲ በተባለ ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ ደፈንን፤ ውኃው ግን መግባቱን ቀጠለ። በሞተሩ ብሎኖች ዙሪያ ከውጭ የቀባነው ሲሊኮንም በንዝረቱ ብዙም ሳይቆይ ተላቀቀ።

መፍትሔው የተገኘው ፍለጋውን ከውስጥ ወደ ውጭ ስናዞረው ነው። ጀልባዋን ወደ የብስ አውጥተን፣ ሥሯን በእንጨት ደግፈን፣ ውጭዋን በጨርቅ ካደረቅን በኋላ በኋለኛው ክፍሏ ውኃ ጨመርንባት። (100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ድጋፉ እጅግ ጠንካራ ሊሆን ይገባል።) ጥቂት ቆይቶ ሞተሩን ከሚይዙት የታችኛው ረድፍ ብሎኖች በአንደኛው ሥር ጠብታ ታየ፤ ይህ ብሎን ጀልባዋ ባዶ ስትሆን ከውኃው በላይ፣ ስትጫን ግን ከውኃው በታች ይውላል።

ሞተሩን አስደግፈን ብሎኑን ስናወጣ በፋይበርግላሱ መካከል ያለው እንጨት ረጥቦ ተገኘ። እርጥበቱ ታሽጎበት ከቀረ እንጨቱ ስለሚበሰብስ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ይመስለኛል። ከዚያ የቀዳዳውን ውስጥ በኤፖክሲ ቀብተን፣ ብሎኑን ከነሮንዴላው ሲካፍሌክስ 291 በተባለ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ለቅልቀን መለስነው፤ ዳዶውንም አጠበቅነው። ማሸጊያው ከደረቀ በኋላ ጀልባዋን ጭነን፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰን በዳርቻው አካባቢ ፈተንናት፤ ከወለሏ ሥር ውኃ አልተገኘም።