ከጠጅ ወደ ወይን፦ ባህር ዳር ላይ ኪስ የማይጎዳ ጥሩ ጠርሙስ አመራረጥ

መጀመሪያ የራሴን ኪሳራ ልናገር። የወንድሜ ልጅ የተመረቀች ቀን «ዛሬስ ደህና ወይን ይዤ ነው የምሄደው» ብዬ አንድ መደብር ገባሁ። የት እንደሆነ ተዉት። መስኮቱ ላይ ፀሐይ እየመታው ወርቃማ ጽሑፍ ያለበት የቦርዶ ጠርሙስ ቆሟል። ዋጋው ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያመኛል። «ጥሩ ነው?» አልኩት ልጁን። «ምርጥ ነው ጋሼ፣ የፈረንሳይ እኮ ነው!» አለኝ። ማታ ሲከፈት ቡሹ እስከ ላይ ርሷል፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዷል፣ ጣዕሙ የተቀቀለ ዘቢብ ነው። አንዲት ዘመዳችን በፌስታል ይዛ የመጣችው የዝዋይ ሜርሎ፣ የአገር ውስጥ ቀይ ወይን፣ ግን ቀድሞ አለቀ። ዋጋው የእኔን ሲሶ አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ በአገር ስም አልገዛም። እንዴት እንደምገዛ ልንገራችሁ።

ከጠጅ ቤት የምታውቁትን ተጠቀሙበት

«ወይን አልወድም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የቀመሰው የማይሆነውን ነው። ጠጅ ቤት ስትገቡ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ ትባሉ የለ? ወይንም እንደዚያው ነው። «ድራይ» ማለት የፍሬው ስኳር ወደ አልኮል ተለውጦ ያለቀበት ማለት ነው። ልዩነቱ ምንድነው፣ ጠጅ ላይ ደረቅ ስንል ጥንካሬውንም ጨምረን ነው፤ ወይን ላይ ግን ቃሉ የሚያወራው ስለ ስኳር ብቻ ነው። 11 ፐርሰንት አልኮል ያለው ድራይ አለ፣ እንደ ፖርቱጋሉ ፖርቶ ወደ 20 የሚጠጋ ጣፋጭም አለ።

በአውሮፓ ሕግ ድራይ የሚባለው በሊትር እስከ 4 ግራም ስኳር ያለው ነው፣ አሲዱ ከፍ ካለ እስከ 9 ይፈቀዳል። ከ12 እስከ 45 ግራም ያለው ደግሞ እኛ ሚዲየም ስዊት የምንለው ነው። ይህንን ጠርሙሱ በየአገሩ ቋንቋ ይነግራችኋል። ፈረንሳይ «ሴክ» ካለ ድራይ፣ «ሞአሉ» ካለ ሚዲየም ስዊት። ጣሊያን «ሴኮ»፣ «አማቢሌ»፣ «ዶልቼ» እያለ ወደ ጣፋጩ ይሄዳል። ስፔን «ሴኮ» እና «ዱልሴ»፣ ጀርመን «ትሮከን» እና «ሊብሊሽ»። አረፋ ያለው ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ «ኤክስትራ ድራይ» የተጻፈበት «ብሩት» ከተጻፈበት ይልቅ ጣፋጭ ነው። ማን እንዳወጣው እንጃ።

ሁለተኛው ነገር ታኒን ነው፣ ቀይ ወይን አፍ የሚያደርቀው። ያልበሰለ ዘይቱን ነክሳችሁ ታውቃላችሁ? ምላሳችሁ ከላንቃችሁ ጋር የሚጣበቀው ያ ስሜት ነው። ከፍሬው ልጣጭና ዘር ነው የሚመጣው። ቡናችሁን ያለ ስኳር የምትጠጡ ከሆነ አይከብዳችሁም። ሦስት ማንኪያ የምትጨምሩ ከሆነ ደግሞ ሳታፍሩ ከሚዲየም ስዊት ጀምሩ። ጣፋጭ ወይን ጀማሪ ነው የሚጠጣው የሚሉትን አትስሟቸው፤ በዓለም ላይ በጣም ውድ ከሆኑት ወይኖች አንዳንዶቹ ጣፋጮች ናቸው።

በአገር ውስጡ ጀምሩ

ከውጭ የመጣ ጠርሙስ ስትገዙ የምትከፍሉት የወይኑን ብቻ አይደለም። የመርከቡን፣ የጅቡቲን መንገድ፣ ቀረጡን፣ ኤክሳይዙን፣ የአስመጪውን ትርፍ፣ በመጨረሻም አባይ በረሃን ወርዶ የወጣበትን የጭነት መኪና ጭምር ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ ብር የአገር ውስጡ ብዙ ጊዜ የተሻለ ወይን ነው። ዝም ብዬ ለአገር ልጅ ላዳላ አይደለም፣ ሒሳቡ ነው።

ዝዋይ ላይ የፈረንሳዩ ካስቴል ካቋቋመው ፋብሪካ የሚወጡ ሁለት ስሞች አሉ፣ ሪፍት ቫሊ እና አካሲያ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ የወጡት በፈረንጆች 2014 ነው። ሪፍት ቫሊ በፍሬው ዓይነት ተለይቶ ይሸጣል፦ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ነጩ ሻርዶኔ። ለመማር ከዚህ የተሻለ የለም፤ አፈሩም ሠሪውም አንድ ስለሆነ ሜርሎውንና ሲራውን ጎን ለጎን ከፍታችሁ የምትቀምሱት ልዩነት የፍሬው ልዩነት ነው። አካሲያ ሚዲየም ስዊት ደግሞ ከጠጅ ለሚመጣ ሰው ጥሩ ድልድይ ነው። (የዝዋዩ እርሻ ዙሪያውን ቦይ የተቆፈረለት ጉማሬ እንዳይገባበት ጭምር ነው ሲባል ብዙ ሰው ይስቃል። እኛ ጣና ዳር ያለን ግን አንስቅም።) ከ80 ዓመት በላይ ያስቆጠረው አዋሽ ወይን ጠጅ ደግሞ ጉደርና አክሱሚት አለው። አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ ነው፣ ቀዝቅዞ ካልሆነ አይሆንልኝም።

ከውጭው፣ ስመ ጥሩን ትታችሁ ጎረቤቱን ያዙ

ቦርዶ፣ ቡርጎኝ፣ ሻምፓኝ፣ ባሮሎ። እነዚህ ስሞች ላይ ግማሹ ክፍያ ለስሙ ነው። ርካሹ ቦርዶ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀጭንና መራራ ነው። ያው ፈረንሳይ ውስጥ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ «ፔይ ዶክ» የሚል ፈልጉ፤ ሰፊ፣ ፀሐያማ የላንጌዶክ አገር ነው፣ በትንሽ ብር ደህና ፍሬ ይሰጣል። «ኮት ዱ ሮን» ካገኛችሁም አትለፉት። ሻምፓኝ ያማራችሁ እንደሆነ የስፔኑን ካቫ ውሰዱ፤ አረፋው የሚፈጠረው እንደ ሻምፓኙ ጠርሙሱ ውስጥ በሁለተኛ መፍላት ነው። የጣሊያኑ ፕሮሴኮ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በትልቅ ጋን ውስጥ ይሠራና ከዚያ ይታሸጋል። ቀለል ይላል፣ እንደ ሎሚናት የሚጠጡት አሉ።

ስፔን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሪዮሃ የሚባለው የወይን አገራቸው ጠርሙስ ላይ ያለው ጽሑፍ ለገዢ የተሠራ ነው። «ክሪያንዛ» ያለው ቀይ ሁለት ዓመት ቆይቷል፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ አንዱን ዓመት በኦክ በርሜል። «ሬዜርቫ» ሦስት ዓመት፣ «ግራን ሬዜርቫ» አምስት። ክሪያንዛው ላይ ቁሙ። በዋጋና በጣዕም መካከል ሚዛኑ እዚያ ጋ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ለሠርግ ይሁን።

ጣሊያን ከሆነ «ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩዞ»። ለስላሳ ቀይ ነው፣ ቀይ ወጥ አይፈራም። ስሙ «ቪኖ ኖቢሌ ዲ ሞንቴፑልቻኖ» ከሚባለው ጋር እንዳያሳስታችሁ፤ የመጀመሪያው ላይ ሞንቴፑልቻኖ የፍሬው ስም ነው፣ ሁለተኛው ላይ የከተማው፣ ወይኑም በዋናነት ሳንጆቬዜ ከሚባል ፍሬ የሚሠራ ሌላ ነገር ነው። አርጀንቲና ከሆነ ማልቤክ የሚባለው ቀይ ነው፤ የሚበቅልበት ሜንዶዛ በአንዲስ ተራራ ግርጌ ስላለ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ፍሬውም ቀለሙንና አሲዱን ይዞ ይበስላል። ለጥብስ የተፈጠረ ነው። የቺሌው ካርሜኔር ደግሞ ታሪኩ ያስቀኛል። ገበሬዎቹ ለረጅም ዘመን ሜርሎ ነው ብለው ሲሸጡት ኖረው በ1994 ነው አንድ ፈረንሳዊ ባለሙያ ተክሉን አይቶ «ይሄ ሜርሎ አይደለም» ያላቸው። የቃሪያ ጠረን ነገር አለው። እኔ እወደዋለሁ፣ ባለቤቴ አጠገቧ አታስደርሰውም።

እኛ ከተማ መደርደሪያ ላይ ከውጭው በብዛት የማየው የደቡብ አፍሪካ ነው። ከዚያ ውስጥ ሸኒን ብላንክ የሚል ነጭ ካያችሁ አታመንቱ። ፒኖታዥ ደግሞ በ1925 እዚያው ደቡብ አፍሪካ ፒኖ ኗርና ሳንሶ የሚባሉትን ፍሬዎች አዳቅለው ያወጡት የራሳቸው ፍሬ ነው። ርካሹ አንዳንዴ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ ከደረሰባችሁ በወይኑ ፍረዱ እንጂ በራሳችሁ አፍንጫ አትፍረዱ።

ጠርሙሱን አገላብጡት

ዓመቱን እዩ። የፈረንጆች ዓመት መሆኑን እንዳትረሱ፤ አንድ ጓደኛዬ 2016 የሚል ነጭ ወይን «የዘንድሮ ነው» ብሎ ደስ ብሎት ገዝቶ የአሮጌ ፖም ጣዕም ጠጥቷል። ርካሽ ነጭ ወይን ሁለት ሦስት ዓመት ሳያልፈው ነው የሚጠጣው። ርካሽ ቀይም ቢሆን አራት አምስት ዓመት ካለፈው እለፉት። ወይን ሲያረጅ ይሻላል የሚባለው እውነት የሚሆነው ለጥቂቱ፣ ያውም ውድ ለሆነው ነው።

ከዚያ አቀማመጡን። ባህር ዳር መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ምን እንደምትሆን ታውቃላችሁ። መስኮት ላይ፣ አምፖል ሥር ወይም ከፍሪጅ ሞተር ጀርባ የከረመ ጠርሙስ ተቀቅሏል። ከውስጥ፣ ከታችኛው መደርደሪያ አውጡልኝ በሉ። ቡሹ ከአንገቱ ወጣ ካለ፣ ጫፉ ላይ የደረቀ የወይን እንባ ካለ፣ መልሱት። በጥምዝ ክዳን የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ አትናቁት፤ ርጥብ ጆንያ የሚያስመስለው የተበላሸ ቡሽ ጠረን አይነካውም። ባለሱቁን «ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ መልሱን ታውቁታላችሁ። «መቼ ገባ? ቶሎ ቶሎ የሚያልቅብህ የቱ ነው?» በሉት። ቶሎ የሚያልቅ ጠርሙስ ፀሐይ ለመጠጣት ጊዜ የለውም።

ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚባለው ክፍሉ አውሮፓ ውስጥ ሲሆን ነው። የእነሱ ክፍል 17፣ 18 ዲግሪ ነበር። የእኛ ከሰዓት በኋላ 28 ነው፣ በዚያ ሙቀት አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ቀዩን ግማሽ ሰዓት፣ ነጩን ሁለት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። መብራት ከጠፋ ባልዲ ውስጥ በረዶ፣ ውሃና አንድ እፍኝ ጨው ጨምሩና ጠርሙሱን አንገቱ ድረስ ንከሩት፣ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት ተቀምጣችሁ ቀይ ወይናችሁ ሞቆ ቢመጣ በረዶ በባልዲ ጠይቁ፣ ምንም ነውር የለውም። መቅጃውም እንደዚያው ነው፤ ብርሌ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ጠረኑን አፍኖ ያስቀረዋል፣ ተራ የውሃ ብርጭቆ ሲሶውን ተሞልቶ ይበልጠዋል።

ከምን ጋር

ሎሚ የተጨመቀበት የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ አሲድ ያለው ነጭ ይፈልጋል፤ ሸኒን ብላንክ፣ ወይም የፖርቱጋሉን ቪንዮ ቬርዴ ካገኛችሁ። ሚጥሚጣው የበዛበት የአሳ ዱለት ላይ ግን ድራይ ቀይ አትክፈቱ። በርበሬና ታኒን ሲገናኙ አፍ ይቃጠላል፣ አልኮሉም እሳቱን ያራግበዋል። እዚያ ላይ ቀዝቃዛ ሚዲየም ስዊት ነጭ ነው የሚያበርደው፣ ለዶሮ ወጥም እንደዚያው። ጥብስ፣ ክትፎ፣ ቁርጥ ከሆነ ማልቤክ ወይም የዝዋይ ሲራ።

ብቻችሁን አትግዙ

ይህን ሁሉ በአንድ ኪስ መሞከር አይቻልም። እኛ ስድስት ሆነን የወይን እቁብ ጀምረናል። በወር አንዴ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው በተዋጣው ብር ሦስት ጠርሙስ ይገዛል፣ ከሦስቱ አንዱ የግድ የአገር ውስጥ ነው። በጋዜጣ ጠቅልሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ይጽፍባቸዋል። ማንም ከመናገሩ በፊት የወደደውን ቁጥር በወረቀት ይጽፋል፣ አለበለዚያ አንዱ «ኦ፣ ይሄ ፈረንሳይ ነው» ብሎ ሁሉንም ያስከትላል። ባለፈው ወር አራታችን አንደኛ ያደረግነው ጋዜጣው ሲገፈፍ የዝዋዩ ሲራ ሆነ። ከሁሉ ዋጋው የሚወደደው መጨረሻ ወጣ፣ እሱን የገዛው ሰው ራሱ ሦስተኛ ነው የሰጠው። የመልሱ ጉዞ በባጃጅ ነው፣ ይሄ ደንብ ነው።

የተረፈውን ጠርሙሱ ውስጥ አትተዉት፣ አየሩ ያጎመዝዘዋል። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አጥባችሁ እስከ አፉ ሙሉና ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት፣ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ ካለፈም እናቴ ዘንድ ይሄዳል። ያን ወርቃማ ጽሑፍ ያለውን የቦርዶ ቅሪት እንኳ አልጣለችውም፣ አዋዜ በጠበጠችበት። «ይሄኛው ወይን ጥሩ ነው፣ ድገመኝ» ብላኛለች።