የሌሊት የጥርስ ፕላስቲክ፦ ለእኔ የሆነው ለባለቤቴ ለምን አልሆነም

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ክር በጥርሴ መበጠስ የልጅነት አመሌ ነው። የፊት ጥርሴ ጫፍ ሲሸረፍ ታዲያ በክሩ አመካኘሁ። ጠዋት መንጋጭላዬ እንደታሰረ ሆኖ ስነሳ ደግሞ በደሴ ብርድ። አማቴ «ወስፋት ነው፤ መድኃኒት ዋጪ» አሉኝ። ዋጥኩ። ምንም ለውጥ የለም።

እውነቱን የነገረችኝ ትንሿ ልጄ ናት። አባቷ መንገድ ሲወጣ እኔ ጋ ነው የምትተኛው። «እማ፣ ሌሊት ሌሊት ድንጋይ ትቆረጥሚያለሽ» አለችኝ።

ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ራሱን አይሰማም። ስለዚህ መጀመሪያ አጠገባችሁ የሚተኛውን ጠይቁ። ብቻችሁን የምትተኙ ከሆነ ምልክቶቹን ፈልጉ። ሲነጋ የደከመ መንጋጭላ፣ ከጆሮ ፊት ለፊት የሚጀምር ራስ ምታት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው የሚጠዘጥዝ ጥርስ፣ በሞረድ የተላገ የሚመስል ጫፍ። መስታወት ፊት ቆማችሁ ምላሳችሁን አውጡ። ጠርዙ ላይ የጥርስ ቅርጽ ታትሞ ከሆነ ሐኪም ጋ መሄጃው ደርሷል።

የጥርስ ሐኪሟ ገና አፌን ሳታይ «ታንኮራፊያለሽ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማፋጨትና በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ አለች። «እኔ አላንኮራፋም፤ ባለቤቴ ግን የሐረጎን ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ነው» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ «መሃል ላይ ድንገት ፀጥ ይላል?» አለችኝ። ይላል። እሱን እመለስበታለሁ።

ሌሊት ጥርስ ላይ ስለሚደረገው ፕላስቲክ፣ ናይት ጋርድ ስለሚሉት፣ አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። ማፋጨቱን አያስቆምም። ጥርስ ጥርስን እንዳይፈጨው መሃል ይገባል እንጂ። ለማፋጨቱ ሌላ መላ ያስፈልጋል። ጭንቀት፣ የማታ ቡና፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ያባብሱታል። መድኃኒቱን ግን ያዘዘውን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ። እኔ የማታውን ቡና ከአቦሉ ጀምሬ ተውኩት። ለወሎ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

የተቦረቦረ ጥርስ ካላችሁ ከልኩ በፊት አስሞሉት። በኋላ ካስሞላችሁ ፕላስቲኩ አልገባም ሊል ይችላል። ልብስ ተለክቶ ከተሰፋ በኋላ እንደ መወፈር ነው። ልኩ ሲወሰድ እንደ ሊጥ የላላ ነገር በጥርስ ቅርጽ በተሠራ ማንኪያ መሳይ ዕቃ ተሞልቶ አፍ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን ያቅለሸልሻል። ጠግባችሁ አትሂዱ። ወደ ፊት ጎንበስ ብላችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ። በልኩ ላይ ጄሶ ይፈስበትና የእናንተን ጥርስ የሚመስል የጄሶ ጥርስ ይወጣል። ፕላስቲኩ የሚሠራው በዚያ ላይ ነው።

ለስላሳና ጠንካራ አለ። ለስላሳው ይመቻል፤ እንደኔ ያለ አፋጪ ግን ቶሎ ይበሳዋል። እኔ ጠንካራውን አክሪሊክ መረጥኩ። በሙቅ ውሃ አለስልሰው ራሳቸው ነክሰው ቅርጽ የሚያወጡትም አለ። ለጊዜው ያገለግላል፤ ንክሻችሁን የሚያስተካክልላችሁ ግን የለም።

ስትቀበሉት ቶሎ አትውጡ። ቀለም የሚያትም ስስ ወረቀት ያስነክሷችኋል። ነጥቦቹ በሁለቱም ጎን መታየት አለባቸው፤ አንድ ቦታ የጎላ ካለ ይሞረዳል። እኔ ይሉኝታ ይዞኝ «ይመቻል» ብዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን አንዱ መንጋጋዬ ሲጠዘጥዝ ተመለስኩ። ደንበኛ ብብቱ ላይ የጠበበውን ኮት «ልኬ ነው» ብሎኝ ሲወስድ የምናደድ ሴት፣ እዚያ ሄጄ ያንኑ ሠራሁ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ምራቅ ይበዛል፤ ፕላስቲኩንም ጠዋት ትራሱ ሥር ታገኙታላችሁ። ይህ ይለመዳል። ሲነጋ ንክሻችሁ የተቀየረ ከመሰላችሁና ቀኑን ሙሉ ካልተመለሰ ግን ሐኪሟ ጋ ሂዱ።

አሁን ወደ ሞኝነቴ። በሁለተኛው ወር «ጀርሙ ይሙት» ብዬ ከፔርሙዝ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። ተጣመመ። እንደገና ልክ፣ እንደገና ብር። ማጠቢያው ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ነው። የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል፤ ተዉት። ከታጠበ በኋላ ይድረቅ፤ ቀዳዳ ባለው ማስቀመጫ ይደር። በሶፍት አትጠቅልሉት፤ ቤት የሚጠርገው ሰው ቆሻሻ ነው ብሎ ይጥለዋል። የኮምቦልቻ ሰዎች ደግሞ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ እንዳትረሱት።

ባለቤቴ ፕላስቲኩ ለእኔ መሥራቱን አይቶ «ለእኔም ይህንኑ አሠሪልኝ» አለ። አንድ ማታማ የእኔኑ አንስቶ ሞክሮታል፤ አልገባለትም እንጂ። እንኳን አልገባለት። ጥርስን የሚጠብቀው ፕላስቲክ የትንፋሽ መቆራረጥን አያክምም። እንዲያውም የላይኛው ጥርስ ላይ ብቻ የሚደረገው አንዳንድ ሰው ላይ ሊያባብሰው ይችላል። ለዚያ ችግር የሚሠራው ሌላ ነው፤ ላይና ታች ተያይዞ የታችኛውን መንጋጭላ ወደ ፊት ይስባል፤ ጉሮሮም ይከፈታል። በቂና ጤነኛ ጥርስ ይፈልጋል። የሚታዘዘውም ከምርመራ በኋላ ነው።

«ወላሂ አላንኮራፋም» ሲለኝ በስልኬ ቀዳሁት። እናንተም ቅዱ። ፀጥ ሲል ቁጠሩ፤ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ቆይቶ እንደታነቀ ሰው ከባነነ፣ ቀን ላይም እንቅልፍ ከጣለው፣ ነገ ዛሬ አትበሉ። የእኔው አይሱዙ ነጂ ነው። ሐረጎ ላይ ማሸለብ ምን ማለት እንደሆነ ለደሴ ሰው አይነገርም። ቅጂውን ይዘን የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ሄድን፤ ግፊቱን ለካ፣ አንገቱን ለካ፣ ለእንቅልፍ ምርመራ አዲስ አበባ ጻፈለት። ምርመራው በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደሚቋረጥ ወይም እንደሚቀንስ ይቆጥራል። ከ5 በታች ደህና ነው። ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። የእሱ 22 ሆነ።

ሲፓፕ የሚባለው አየር የሚገፋ መሣሪያ ታዘዘለት። መሣሪያው እስኪገኝ በጎን መተኛት፣ ማታ አልኮል አለመንካት፣ እንቅልፍ ሲመጣበት መኪናውን ዳር ማቆም ነበር ትእዛዙ። በጎን መተኛቱን ለእኔ ተዉት። አሮጌ ካናቴራው ጀርባ ላይ፣ ትከሻና ትከሻው መሃል፣ ኪስ ሰፋሁና የቴኒስ ኳስ ከተትኩበት። በጀርባው ሲገለበጥ ኳሱ ይቆረቁረውና ይመለሳል። ድርብ ስፌት ስፉት፤ በነጠላው ኳሱ በሁለተኛው ሌሊት አልጋ ሥር ተንከባሎ ተገኝቷል። አሁን መሣሪያው አለ። መብራት በጠፋ ሌሊት ግን ካናቴራዋን ራሱ ፈልጎ ይለብሳታል።