ሰው ፎርም ላይ የሞላው እንዳይጠፋ በፒኤችፒ ሴሽን እንዴት እንደምናስቀምጠው

ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ላለ አንድ ገስት ሀውስ የቡኪንግ ፎርም ስሰራ ነው ይሄ ነገር በደንብ የገባኝ። ፎርሙ ሶስት ገጽ ነው፣ መጀመሪያ ስምና ስልክ፣ ከዛ ቀንና የክፍል አይነት፣ መጨረሻ ላይ ማረጋገጫ። አብዛኛው ሰው በሞባይል ነው የሚሞላው፣ መሃል ላይ ይደወልለታል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ወይ ቀን ላስተካክል ብሎ ወደ ኋላ ይመለስና ሁሉም ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ትቶት ይሄዳል። ሰው ጊዜውን ሰጥቶ የጻፈውን መጠበቅ የኛ ስራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ ያለፈውን አያስታውስም። ገጽ አንድ ላይ በፖስት የተላከው ገጽ ሶስት ላይ የለም። ሴሽን ሰርቨሩ ላይ ለዛ ሰው አንድ ፋይል ይከፍትና መለያ ቁጥሩን ብቻ በኩኪ ለብራውዘሩ ይሰጠዋል፣ ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ አስቀምጣችሁ ቁጥር እንደምትቀበሉት ማለት ነው።

ሶስቱም ፋይሎች ሲጀምሩ ሴሽን ስታርት የሚለውን ፈንክሽን ጥሩት (ኮዱ ላይ ሁለቱ ቃላት በአንደርስኮር ይያያዛሉ)። ከሱ በፊት ኤችቲኤምኤል ይቅርና ባዶ መስመር እንኳን መውጣት የለበትም፣ ምክንያቱም ኩኪው የሚሄደው በሄደር ነው፣ ሄደር ደሞ ከገጹ ቀድሞ ነው የሚላከው። «ሄደርስ ኦልረዲ ሰንት» የሚል ዋርኒንግ ከመጣና ፋይሉ ላይ ምንም የተለየ ነገር ካላያችሁ ፋይሉ ከቦም ጋር (መጀመሪያው ላይ ከሚገባ የማይታይ ምልክት ጋር) ሴቭ ተደርጎ ይሆናል፣ ቪኤስ ኮድ ላይ ኢንኮዲንጉን ተራ ዩቲኤፍ ኤይት አድርጉት። እኔ ይሄን ለማግኘት ግማሽ ቀን ወስዶብኛል፣ ላፕቶፔ ላይ አውትፑት በፈሪንግ (የሚወጣውን ወዲያው ሳይልክ ይዞ የሚያቆየው ሴቲንግ) ኦን ስለነበር ዋርኒንጉ የመጣው ሆስቲንግ ላይ ከጫንኩት በኋላ ነው።

ከዛ ፎርሙ ሲላክ ሪኩዌስቱ ፖስት መሆኑን ቼክ አድርጉ፣ ዳታውን ከፊትና ከኋላ ካለ ባዶ ቦታ በትሪም አጽዱ፣ ትክክል መሆኑን አረጋግጡና ዶላር አንደርስኮር ሴሽን ውስጥ ቡኪንግ በሚል አንድ አሬይ ስር አስገቡት። ለየብቻ ከበተናችሁት በኋላ ማጥፋት ያስቸግራል። ካስቀመጣችሁ በኋላ በሄደር ሎኬሽን ወደ ቀጣዩ ገጽ ላኩትና ወዲያው ኤግዚት በሉ፣ ኤግዚት ከሌለ ከስር ያለው ኮድ መስራቱን ይቀጥላል። ሪዳይሬክቱ ከሌለ ደሞ ሰውየው ሪፍሬሽ ሲያደርግ ብራውዘሩ ፎርሙ ድጋሚ ይላክ ወይ እያለ ይጠይቀዋል።

ሰውየው ሲመለስ እንዲያገኘው የኢንፑቱ ቫሊው ውስጥ ከሴሽኑ አውጥታችሁ ፕሪንት አድርጉ፣ ግን ሁሌም በኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ አሳልፉት፣ አለበለዚያ አንዱ ስክሪፕት ጽፎ ያስገባላችኋል። ገና ያልተሞላ ከሆነ ኤረር እንዳይመጣ ሁለቱን ጥያቄ ምልክት (??) ተጠቀሙ፣ ከፒኤችፒ 7 ጀምሮ አለ።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ስትሰሩ ይሄን አደራ፦ ስትርሌን የሚቆጥረው ባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደሞ በዩቲኤፍ ኤይት 3 ባይት ነው። «ገብረመድህን» 7 ፊደል ሆኖ 21 ይቆጠራል፣ ስም ከ20 አይበልጥ ካላችሁ ሰውየው የገዛ ስሙን መጻፍ አይችልም። ኤምቢ ስትርሌን ተጠቀሙ።

ሴሽን ዘላለም አይቆይም። ዲፎልቱ 1440 ሰከንድ ነው፣ 24 ደቂቃ ማለት ነው፣ ከዛ በላይ ምንም ካልተነካ ፋይሉ ሊጠፋ ይችላል። ምሳ በልቶ የሚመለስ ሰው አለ፣ ስለዚህ ጂሲ ማክስ ላይፍታይም የሚለውን ፒኤችፒ ኢኒ የሚባለው የሴቲንግ ፋይል ላይ ከፍ አድርጉት፣ እኔ 7200 አድርጌዋለሁ። ገጽ ሶስት ላይ ሴሽኑ ባዶ ከሆነ ደሞ ባዶ ቡኪንግ ከመመዝገብ ጊዜው እንዳለፈ ነግራችሁት ወደ ገጽ አንድ መልሱት።

የመታወቂያ ፎቶ ካለ ሴሽን ውስጥ አትክተቱት፣ አፕሎድ የተደረገው ጊዜያዊ ፋይል ሪኩዌስቱ ሲያልቅ ይጠፋል፣ ስለዚህ በሙቭ አፕሎድድ ፋይል ከፐብሊክ ፎልደር ውጪ አስቀምጡና አድራሻውን ብቻ ያዙ። ዳታቤዝ በፕሪፔርድ ስቴትመንት (ኤስኪውኤሉና ዳታው ተለያይተው በሚላኩበት መንገድ) ከገባ በኋላ የቡኪንጉን አሬይ አንሴት አድርጉት፣ ሴሽን ዲስትሮይ ካላችሁ ግን ሎግኢን ያደረገውንም ሰው ታስወጡታላችሁ።

ሲያልቅ በራሳችሁ ስልክ ሞክሩት፣ ገጽ ሁለት ላይ የስልኩን ኢንተርኔት አጥፉ፣ ትንሽ ቆዩና መልሳችሁ ክፈቱት፣ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ስሙ እዛው ካለ ለደንበኛው ስጡት።