ኤዲቲንግ ሲንቀራፈፍ፣ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት

የሠርግ ቪዲዮ ወይም የዩቲዩብ ሥራ ስትሠሩ ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ አስመርሯችኋል? ወደ ሱቅ አትሩጡ። መጀመሪያ ፕሮጀክቱን ከፍታችሁ ቪዲዮውን አጫውቱ። እየተጫወተ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ተመልከቱ፤ ኮምፒውተሩ የትኛው ክፍሉ ላይ እንደተጨናነቀ ያሳያል።

ራሙ (ጊዜያዊ ሜሞሪው) ሞልቶ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። 8 ጊጋባይቱን ወደ 16 ወይም 32 ማሳደግ ከአዲስ ማሽን በብዙ ይረክሳል። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ከተሰካ ደግሞ፣ በተለይ የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ በኤስኤስዲ፣ ማለትም ፈጣን በሆነው አዲሱ የዲስክ ዓይነት፣ ቀይሩት።

የሚቆራረጠው ፎርኬ (4K) ቪዲዮ ብቻ ነው? ፕሮክሲ ሞክሩ። የኤዲቲንግ ፕሮግራሞቹ ዳቪንቺ ሪዞልቭም ፕሪሚየርም አላቸው። የምትቆርጡት ቀለል ባለ ቅጂ ነው፤ ኤክስፖርት ሲደረግ ግን ከዋናው ፋይል ይወጣል። አምስት ሳንቲም አያስወጣም። ብዙ ሰው ለምን እንደማይነካው አይገባኝም።

ታዲያ መቼ ይገዛ? አንደኛ፣ ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዶ መጨመር የማይቻል ሲሆን። ከኤም1 ቺፕ ጀምሮ ያሉት ማክቡኮች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ሌላው፣ ካሜራ ቀይራችሁ ባለ 10 ቢት 4:2:2 ኤች.265 በሚባለው፣ ብዙ የቀለም መረጃ በሚይዝ የቪዲዮ ፎርማት መቅረጽ ስትጀምሩ ነው። ይህን ፎርማት የኢንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች በሃርድዌር መፍታት (ማለትም ካርዱ ራሱ ከፍቶ ማጫወት) የጀመሩት ገና በአርቲኤክስ 50 ተከታታይ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ግን ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ የውስጥ ግራፊክስ ካላቸው ይችሉታል። ስለዚህ የካርዱ ስም ብቻ አያማልላችሁ።

ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። ማሽኑ ላይ ገልብጣችሁ እዚያው አጫውቱት። ሻጩ ቢነጫነጭም ቻሉት።