የቆመ ሰው ጭኖ መንዳት፦ የከተማ ባስ ሹፌር እንዴት እንደማሠለጥን

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አሥራ አራት ዓመት ተመላልሻለሁ። የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ እንደ ደጃፌ አውቀዋለሁ። ከተማ ባስ ላይ በተቀመጥሁ በሦስተኛው ቀን ግን አንዲት እናት ጣልሁ። ባጃጅ ፊቴ ጥልቅ ሲል ፍሬኑን ረገጥሁት፤ እሳቸው ከኋላ የቅቤ ቅላቸውን አቅፈው ቆመው ኖሯል። እግዜር አተረፋቸው፣ ቅሉ ግን ተሰነጠቀ። ሲወርዱ አጠገቤ ቆም ብለው «ልጄ፣ የለመድኸው እህል መጫን ነው መሰል» አሉኝ። ዛሬ ሹፌር ሳሠለጥን የምጀምረው ከዚያ ነው።

በመጀመሪያው ቀን መሪ የሚነካ ሰው የለም። ሠልጣኞቹን ሁሉ ከኋላ አቆማቸዋለሁ፤ አንድ እጅ ብረቱን ይይዛል፣ ሌላው ኪስ ይገባል። ከዚያ ልክ እንደ ሚኒባስ እነዳላቸዋለሁ። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፋሪ ሲሆን ፊቱን ማየት ነው! በማግስቱ ተራ በተራ ይነዳሉ፤ ከኋላ የቆመ ሰው ሚዛኑን ስቶ እግሩን ባንቀሳቀሰ ቁጥር «ሄድሁ!» ብሎ ይጮሃል። እኔ ደብተር ላይ ጭረት አደርጋለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ከፔዳ ግቢ እስከ ጊዮርጊስ ባለው መንገድ መጀመሪያ ሠላሳ ጭረት ያስቆጠረ፣ በሳምንቱ አራት አምስት ላይ ይደርሳል። ምክር ያላስተማረውን ጩኸቱ ያስተምረዋል።

ምሥጢሩ ከአቋቋሙ ላይ ነው። ፍሬኑን ቀደም ብለህ በለሆሳስ ያዝ፣ ጫን አድርግ፣ ሊቆም አንድ ሁለት ሜትር ሲቀረው ደግሞ እግርህን ላላ አድርግ። እስከ መጨረሻው ረግጠህ ከቆምህ ባሱ ያጎነብስና መልሶ ይገፋል፤ ሰው የሚወድቀው በዚያች መልስ ነው። ሒሳቡንም አስላላቸው፦ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳለህ። ባሱ ራሱ 12 ሜትር ነው። ስልክህን ለአንድ ሰከንድ አየህ ማለት አንድ ባስ ሙሉ መንገድ ዓይንህን ጨፍነህ ሄድህ ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከያዝህ በኋላ የምትሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ቀጥሎ የባሱን አካል ማስለመድ ነው። የፊቱ ጎማ ከሹፌሩ ኋላ ስለሆነ፣ ከአይሱዙ የመጣ ሰው ቶሎ ይጠመዝዝና የኋላ ጎማውን ጠርዝ ላይ ያወጣል። «ማዕዘኑን ራስህ እለፈው፣ ከዚያ መሪውን አዙር» በለው። ከዚህ የሚብሰው ጭራው ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ውሃ የሞላ ጀሪካን ከባሱ የኋላ ቀኝ ጥግ አጠገብ አስቀምጥና መሪውን ሙሉ ወደ ግራ አዙሮ እንዲነሳ አድርገው። ጀሪካኑ ሲገለበጥ ወርዶ ይየው። በእኛ ከተማ ያ ጀሪካን ብስክሌት የያዘ ተማሪ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይ ለብስክሌት የራሱ መስመር አለው፤ ከድልድዩ ወዲያና ወዲህ ግን ባጃጁም ብስክሌቱም ከጎንህ ነው። ስለዚህ ከፌርማታ ስትነሳ በግራ ስፖኪዮ ብቻ አትመን፣ የቀኙን ደግመህ እይ።

ፌርማታ ላይ በሩ ከጠርዙ ከአንድ ስንዝር በላይ መራቅ የለበትም። እኔ በኖራ መስመር አሰምራለሁ። ሰፊ ክፍተት ከተውህ ሽማግሌው መጀመሪያ አስፋልት ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣል።

የአየር ፍሬን ጉዳይ ብዙ አያስወራም፦ ጠዋት የአየር ታንኩን ውሃ አፍስስ፣ የግፊት ጌጁ 7 ወይም 8 ባር እስኪደርስ ጠብቅ፣ ሞተር አጥፍተህ ፍሬኑን ረግጠህ ያዝና የሚያፏጭ ነገር ካለ አዳምጥ። ካፏጨ አትነሳም፣ አለቀ።

የኤሌክትሪክ ባስ ለሚረከቡ ሁለት ነገር ጨምርላቸው። እግርህን ከፍጥነት መስጫው ፔዳል ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል፤ ድንገት ካነሳህ ፍሬን የረገጥህ ያህል ሰው ይወድቃል። ዓባይ በረሃን በከባድ ማርሽ የወረዱ ሹፌሮች ይህን ቶሎ ይይዙታል፤ ሞተር መኪና እንደሚይዝ ያውቃሉና። ሁለተኛ፣ ድምፅ የለውም። እግረኛው ሰምቶኛል ብለህ አትገምት።

ከሁሉ የሚከብደው የሚነሳበትን ሰዓት ማክበር ነው። «ሲሞላ ይነሳል» ደም ውስጥ የገባ ነገር ነው። እኔ ሰፌድ ላይ ሽንብራ አወጣለሁ። በየደቂቃው አንድ ተሳፋሪ ፌርማታ ይመጣል እንበል፤ ባስ በየ10 ደቂቃው ከደረሰ አሥር ሽንብራ ያነሳል። ሞልቶ ለመነሳት ሦስት ደቂቃ የዘገየው 13 ያገኛል፤ እነሱን ሲያሳፍር ይበልጥ ይዘገያል። ተከታዩ ሰባት ብቻ ያገኝና ይፈጥናል፤ ጥቂት ፌርማታ ካለፉ ሁለቱ ተነካክተው ይመጣሉ፣ ከዚያ ሕዝቡ ሃያ ደቂቃ ያህል ፀሐይ ላይ ይቆማል። ሽንብራውን በእጃቸው ሲያነሱ ይገባቸዋል።

ግን ልንገርህ፦ ሹፌሩን በቀን ገቢ የምታስጨንቅ ከሆነ ሽንብራው ከንቱ ነው። አንድ ያሠለጠንሁበት ቦታ ሥልጠናው ባለቀ በሳምንቱ «ይህን ያህል አስገባ» ማለት ጀመሩ፤ ልጆቹ ወዲያው ወደ ሚኒባስ አነዳድ ተመለሱ። አሁን ከመጀመሬ በፊት ደመወዙ እንዴት እንደሚከፈል እጠይቃለሁ።

ስለ አያያዝም፦ ከሠልጣኞች መካከል ከኔ የሚበልጡ አሉ። አንቱ እላቸዋለሁ፣ ስህተታቸውንም በወጣቶቹ ፊት አላነሳም። ሻይ ስንጠጣ «ጋሼ፣ ያቺን መታጠፊያ ትንሽ ቸኮሉባት» ብል ይበቃል። በሰው ፊት የተነካ ሽማግሌ ያን ቀን መስማት ያቆማል።

ፈተናው ቅዳሜ ነው፣ በገበያ ቀን። ፎርም ይዤ ከጎኑ አልቀመጥም። ከኋላ እንደ ተሳፋሪ፣ ዶሮና ዘንቢል ከያዙት መካከል፣ አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ እቆማለሁ። እጄን ሳላወጣ መጨረሻው ፌርማታ ከደረስሁ እፈርምለታለሁ።